ወጣቱን ለጭብጨባ ብቻ አትጥሩት

የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ንጋት ላይ ከቻይና ስትመጥቅ፣ እንጦጦ ላይ ባለሥልጣኑም ሳይንቲስቱም ተሰብስቦ በቀጥታ ይከታተል ነበር። ደስ ይላል። ግን እስቲ የሰፈራችሁን የ11ኛ ክፍል ተማሪ ጠይቁት፤ «ሳተላይት አለችን አይደል?» ከማለት ያለፈ ብዙ የሚነግራችሁ አይመስለኝም። በሱ አልፈርድም። ማን ነገረው?

የኛ ሕዝብ ግንኙነት ወጣቱን የሚፈልገው አዳራሽ ለመሙላት ነው። ቲሸርት ይለብሳል፣ ያጨበጭባል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ናሳን ተመልከቱ። ማርስ ላይ ለምትሄደው መኪና ስም ሲፈልግ ለተማሪዎች ክፍት አደረገው፤ ከ28 ሺህ በላይ ልጆች ጽሑፍ ላኩ፣ በ2020 እንደ ፈረንጆቹ ደግሞ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ያወጣው «ፐርሲቪራንስ» የሚለው ስም ተመረጠ። ልጁ ሮኬቱ ሲተኮስ እንዲያይ ተጋበዘ። ያልተመረጡትስ? እነሱም ቢያንስ ስለ ማርስ ቁጭ ብለው አስበው ጽፈዋል፤ የትኛው ማስታወቂያ ነው ይህን የሚያደርገው?

እኛም እኮ ዕድሉ ነበረን። በ2019 እንደ ፈረንጆቹ፣ ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት ስም እንዲያወጣ ሰጠ። የኛ ኮከብ «ቡና» ተባለ፣ የምትዞረው ፕላኔት ደግሞ «አቦል»። ክብደቷ ከጁፒተር በብዙ የሚበልጥ አቦል! (በረካው ገና አልተገኘም።) ይህን የመሰለ ወሬ ቲክቶክ ላይ ለሚሠራ ልጅ ብትሰጠው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ አገር ያዳርስልህ ነበር። እኛ ግን በመግለጫ ነግረን አለፍን።

ደግሞ ልጆቹ ከባዱን ጥያቄም ይጠይቁ። «ሰው እየተራበ ሳተላይት ምን ያደርጋል?» ሲባል መልሱ ከመሥሪያ ቤት ወረቀት የተቀዳ ከሆነ ማንም አይሰማም። የወሎ ተማሪ የራሱን ወረዳ የሳተላይት ምስል፣ የዝናቡንና የድርቁን ዓመት ጎን ለጎን አድርጎ ለአባቱ ቢያሳይ ግን ሌላ ነው። ምስሉን ለትምህርት ቤት ክበባት መላክ ይህን ያህል ከባድ ነው? በጀት የለም ከተባለ፣ ለባነርና ለቲሸርቱ ከሚወጣው ይቀነስ።