የተጨመሩት ሁለት ቃላት

ቨርነር ሄርዞግ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣውን፣ እኛ «አረንጓዴ ጉንዳኖች የሚያልሙበት» ያልነውን ፊልም የግርጌ ጽሑፍ በአማርኛ ያዘጋጀሁት እኔ ነበርሁ። በአውስትራሊያ በረሃ አንድ ኩባንያ ዩራኒየም ፍለጋ መሬቱን በፈንጂ ሲፈትሽ፣ የአገሬው ሽማግሌዎች ከቡልዶዘሩ ፊት ተቀምጠው አልነሣም ይላሉ፤ ስፍራው ጉንዳኖቹ የሚያልሙበት ነውና፣ ሕልማቸው ከታወከ ዓለም ይጠፋል።

የሥራው ችግር የጀመረው «ሕልም» ከሚለው ቃል ነው። በእኛ ቋንቋ ሕልም ሲነጋ የሚጠፋ ነገር ነው፤ እነርሱ ግን በዚህ ስም የሚጠሩት ምድሪቱ የተበጀችበትን፣ ዛሬም የጸናችበትን፣ የትኛውን ስፍራ ማን መጠበቅ እንዳለበትም የሚወስነውን ሥርዓት ነው። ቃሉም ቢሆን ከእነርሱ አፍ የወጣ አይደለም፤ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ስፔንሰርና ጊለን የተባሉ አጥኚዎች አረርንተ ከተባለው የመካከለኛው አውስትራሊያ ነባር ሕዝብ ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሱ የመረጡት ነው። ስለዚህ በርእሱ ላይ «ሕልም»ን እንዳለ አቆይቼ፣ በንግግሩ ውስጥ እንደየአገባቡ «ሕግ» እና «ሥርዓት» እያልሁ ሠራሁ።

በዕድሜም በሙያም የምናከብራቸው አርታኢያችን ጽሑፉን ሲመልሱልኝ፣ ሽማግሌዎቹ ስለ ጉንዳኖቹ በሚናገሩበት ቦታ ሁሉ «እንደ እምነታቸው» የሚሉ ሁለት ቃላት ጨምረውበት፣ «ሕግ» ያልሁትንም «ልማድ» አድርገውት ነበር።

«ጋሼ፣ ሽማግሌው እኮ ‹እናምናለን› አላሉም፤ ‹ነው› ነው ያሉት» አልኋቸው።

«ልጄ፣ ጉንዳን ያልማል የሚል ሲያነብ ተመልካቹ ይስቅባቸዋል። ከሳቅ ልጠብቃቸው ብዬ ነው።»

«እንግዲያው የኩባንያው ጂኦሎጂስት ሲናገርም ‹እንደ እምነቱ› እንበልበት።»

«እርሱ የሚለው በመሣሪያ የሚለካ ነገር ነው። ደግሞስ የጉንዳኑን ታሪክ ዳይሬክተሩ ከራሱ እንደፈጠረው ተናግሯል፤ የምትከራከሪው ለማን ነው?»

ይህ እውነት ነበር፤ ለጊዜውም ዝም አሰኘኝ። ነገር ግን ሽማግሌዎቹን ሆነው የተጫወቱት ዋንጁክ ማሪካና ሮይ ማሪካ በሰሜን አውስትራሊያ የምትገኘው የዪርካላ ሰዎች ናቸው። ማኅበረሰባቸው በጎቭ ልሳነ ምድር ለቦክሳይት ማዕድን የተሰጠበትን መሬት ለማስመለስ በፍርድ ቤት ተከራክሮ እ.ኤ.አ. በ1971 ተረትቷል። ዳኛው ብላክበርን መሬቱን ከነሣቸው በኋላ እንኳ፣ በማስረጃ የሰማው የሰዎች ፈቃድ ሳይሆን የሕግ ሥርዓት መሆኑን በፍርዱ አስፍሯል። ይህንኑ ነግሬአቸው፣ «የፈረደባቸው ዳኛ ሕግ ያለውን እኛ ልማድ እንበለው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ እንደነበር አውቃለሁ።

ብዙ ዝም ካሉ በኋላ «ሕግ» የሚለውን መለሱልኝ። «እንደ እምነታቸው» ግን ሳይወጣ እንዳለ ቆየ።

ከሁሉ ያንገበገበኝ የሱፐርማርኬቱ ትዕይንት ነው። ሽማግሌዎቹ በመደርደሪያዎቹ መካከል ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል፤ መደርደሪያው የቆመበት ቦታ ቀድሞ ዛፍ ነበረበት፤ ወንዶቹ የሚወለዱ ልጆቻቸውን የሚያልሙት ከዚያ ዛፍ ሥር ብቻ ነበር። ይህን ለጂኦሎጂስቱ የሚያስረዳው የሱቁ ሰው ነው፤ ዕቃ ሊሸጥበት በሚፈልገው ቦታ የተቀመጡትን ሰዎች ነገር ሲናገር አንድም የጥርጣሬ ቃል አይጨምርም። የእኛ አማርኛ ጨመረበት። ጽሑፉ ከሁለት መስመር ማለፍ ስለሌለበትም፣ ለተጨመሩት ቃላት ቦታ ለማስገኘት «ዛፍ ሥር» የሚለው ወጥቶ «እዚህ» ተባለ፤ ዛፉም ከትዕይንቱ ጠፋ።

ፊልሙ በታየበት ምሽት አርታኢያችን ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። መብራቱ ሲበራ ዘወር ብለው «አየሽ፣ ማንም አልሳቀም» አሉኝ። በእርግጥም ማንም አልሳቀም። አዳራሹን ዝም ያሰኙት ሁለቱ ቃላት ይሁኑ ወይስ የሮይ ማሪካ ፊት፣ ያለ ቃላቱ አንድ ጊዜ ቢታይ ኖሮ እንለየው ነበር። ሁለተኛው ማሳያ በእኔ ቅጂ እንዲሆን በጽሑፍ ጠየቅሁ፤ አልተፈቀደም።