ወፍጮ ቤቱ በር ላይ

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የሚኖሩት ቡሬ ነው። ኦቲዝም አለበት። አይናገርም፤ ውኃ ሲጠማው ግን እጄን ይዞ እንስራው ድረስ ይወስደኛል። የወፍጮው ሞተር ሲነሳ ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ መሬት ላይ ይወድቅ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት እዚያው ወፍጮ ቤት በር ላይ አንዲት ጎረቤት እህቴን «እታለም፣ ምን በድለሽ ነው እንዲህ የሆነብሽ?» አለቻት። ክፋት አልነበራትም፤ ከልቧ አዝና ነው። እህቴ ግን ዓመት ሙሉ ልጇን ከደጅ አላወጣችውም። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ታስገባዋለች። እኔ ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ ይህን የሰማሁት ዘግይቼ ነው፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በእናት ማሳበብ የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች ሳይቀሩ ስለ ኦቲዝም «እናትየው ፍቅር ስለነፈገችው ነው» ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ያንን አስተሳሰብ በጽሑፍ የሞገተው የሥነ ልቦና ባለሙያ በርናርድ ሪምላንድ ራሱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበር። ኦቲዝም የአንጎል ዕድገት ልዩነት ነው፤ በዘር የሚወረሰው ድርሻም ትልቅ ነው። እርግማን አይደለም፤ ክትባትም አያመጣውም። በአገራችን ይህን በአደባባይ ከተናገሩት ቀዳሚዋ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ትምህርት ቤቶች ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን አንቀበልም ሲሏቸው እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ከቡሬ አዲስ አበባ ግን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እህቴ ማንን ትጠይቅ?

ስለዚህ ባለን ጀመርን። ጠበል እንውሰደው ሲሉ አልተከራከርሁም፤ በሞቴ በግድ እንዳታስጠምቁት ብቻ አልሁ። የወፍጮ ቤቱን፣ የቤተ ክርስቲያኑን፣ የቤታቸውን ሥዕል በካርቶን ላይ ሣልሁለት። እህቴ ከመውጣታቸው በፊት የሚሄዱበትን ታሳየዋለች። የት እንደሚሄድ አስቀድሞ ሲያውቅ ጩኸቱ ቀነሰ። ወፍጮ ፈጪውም እህሉን በጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ እየተቀበላት ነው።

እናንተ ጎረቤቶች፣ እንዲህ ያለ ልጅ ስታዩ እናቱን ምክንያት አትጠይቋት። ልጁን በስሙ ጥሩት፣ ዓይኑን ባያሳያችሁም ሰላም በሉት፣ በድንገት አትንኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ከእነርሱ ጋር ሄድሁ። ልጁ ከመንገዱ ማዶ ባዶውን ከረጢት አቅፎ ቆሟል። ያችው ጎረቤት ከወፍጮ ቤቱ ብቅ ብላ በስሙ ጠራችውና «ሊነሳ ነው!» አለችው። ጆሮውን ደፈነ። አልወደቀም።