ከወፍ ዋሻ የወረደው ቅጠል

ኅዳር 2012 ነበር። ደብረ ብርሃን ስወርድ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። መናኸሪያው አጠገብ ሁለት ብርጭቆ ሻይ አከታትዬ ጠጣሁና ወደ አንኮበር የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ግራና ቀኙ የታጨደ ገብስ ነው፣ ክምሩ ገና አልተወቃም፣ ከብቱ ባዶው ማሳ ላይ ተለቋል።

አንኮበር የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የምኒልክን ቤተ መንግሥት ስፍራ ለማየት ነው የሚሄደው። እኔ የሄድኩት ቅጠል ለማየት ነው። የምሬን ነው። ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ ለዓመታት ሰሌዳ ላይ የምግብ ሰንሰለት ስስል የውኃውን ለብቻ፣ የየብሱን ለብቻ አድርጌ ነው፤ አንዱን ከሌላው አገናኝቼ አላውቅም። በኋላ ሳነብ ነው ወንዝና ዳርቻው እርስ በርስ እንደሚመጋገቡ የገባኝ፣ ከገባኝ ደግሞ በዓይኔ ማየት አለብኝ አልኩ።

መንገድ ያሳዩኝ አንድ የአካባቢው ሽማግሌ ናቸው። እኔ "አባባ" እላቸዋለሁ፣ እሳቸው "ልጄ" ይሉኛል። ገደሉ አፋፍ ላይ ስንደርስ በበትራቸው ወዲህና ወዲያ አሳዩኝ። ከጀርባችን ያለው ውኃ በበሬሳና በጀማ አድርጎ ዓባይ ይገባል፣ ፊት ለፊታችን ቁልቁል የሚወርደው ወደ አዋሽ ነው። እኛ የወረድነው በአዋሹ በኩል፣ ወፍ ዋሻ ጫካ ውስጥ ነው።

ጽድ፣ ዝግባ፣ ኮሶ። ጅረቱ ጠባብ ነው፣ በአንድ ዝላይ ይሻገሩታል። ዛፎቹ ከላይ ገጥመውበት ፀሐይ በጭላንጭል ብቻ ነው የምትደርሰው። እኔ ደግሞ የመጣሁት ለዚህ ጥላ ነው። ብርሃን ሲያንስ ድንጋዩ ላይ ዋቅላሚ፣ ያ የሚያዳልጠው አረንጓዴ ነገር፣ እንደልብ አይበቅልም። ታዲያ ውኃው ውስጥ ያለው ነፍስ ምን በልቶ ይኖራል? ከላይ የሚወርድለትን። ቅጠል፣ አበባ፣ ስንጥር፣ ነፋስ የጣለው አንበጣና ጉንዳን።

ሱሪዬን ጠቅልዬ ገባሁ። ውኃው አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ሁለት ድንጋይ መካከል የተከማቸ ቅጠል ዘግኜ አወጣሁና አንዱን ወደ ብርሃን ከፍ አደረግኩት፦ ሥጋው ተበልቶ አልቋል፣ የቀረው የደም ሥሩ ብቻ ነው፣ እንደ ወንፊት። አባባ ተቀብለውኝ ብዙ አገላበጡት። እዚህ ኖረው እንዲህ ዓይነት ቅጠል ልብ ብለው አይተው እንደማያውቁ ነገሩኝ።

ቅጠል ውኃ ውስጥ እንደወደቀ ወዲያው አይበላም። መጀመሪያ ይዘፈዘፋል፣ ምሬቱና ቀለሙ ይወጣለታል። ከዚያ ዓይን የማያያቸው ሻጋታዎችና ባክቴሪያዎች ይገቡበታል፣ ልክ ሊጥ እርሾ ሲገባበት እንደሚሆነው፤ ይለሰልሳል፣ ገንቢነቱም ይጨምራል። ያኔ ትሎቹ ይመጡበታል። አንዱን መዳፌ ላይ አስቀመጥኩት፣ ከቅጠል ቁራጭ ለራሱ ቤት ሠርቶ ቤቱን እየጎተተ የሚሄድ ነው። እነዚህ ሲበሉ የሚያንጠባጥቡት ፍርፋሪና ኩሳቸው ደግሞ በውኃው ተወስዶ ታች ላሉት ቀለብ ይሆናል።

ትሉ ግን ትል ሆኖ አይቀርም። ክንፍ ያወጣና ከውኃው ይወጣል። ከዚያ በኋላ የየብሱ ነው። ከቁጥቋጦ ወደ ቁጥቋጦ፣ ጅረቱን አቋርጦ የተዘረጋ የሸረሪት ድር ነበር፣ ስጠጋው በእነዚሁ ቀጫጭን ባለክንፎች ተሞልቷል። ሆዷ ቢጫ፣ ጅራቷን ያለዕረፍት የምታወዛውዝ አንዲት ወፍ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለች ስትለቅም አየን። የሰሜኑን አገር ቅዝቃዜ ሸሽታ እኛ ጋ የምትከርም ናት። እስቲ አስቡት፣ ይቺ ወፍ ስትመለስ የምትበርበት ጉልበት ከፊሉ ያ የኮሶ ቅጠል ነው።

ይሄን ነገር በቁጥር ያሳየው ሺገሩ ናካኖ የሚባል ጃፓናዊ ተመራማሪ ነው። ሆካይዶ በምትባለው የጃፓን ደሴት ባለች ትንሽ ጅረት ላይ ከባልደረባው ከሙራካሚ ጋር ሆኖ ዓመቱን ሙሉ ማን ምን እንደሚበላ ቆጠረ። ዓሦቹ ከዓመት ምግባቸው 44 በመቶውን ያገኙት ከየብስ ከወደቁ ነፍሳት ነው፤ ዳርቻው ጫካ ያሉት ወፎች ደግሞ 26 በመቶውን ከውኃው ከወጡት። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ሥራው፣ ጅረቱን በከፊል እንደ አትክልት ማብቀያ ቤት ሸፍኖት ነበር፣ ከየብስ ምንም እንዳይወድቅ። የተራቡት ዓሦች ወደ ውኃው ትሎች ዞሩ፣ ትሎቹ ሲያልቁ ዋቅላሚው በላተኛ አጥቶ ተንሰራፋ። ናካኖ እ.ኤ.አ. በ2000 ሜክሲኮ ውስጥ በጀልባ አደጋ ሞተ፣ የቁጥሩ ሥራ የታተመው በ2001 ነው። ስለ እሱ ባሰብኩ ቁጥር አዝናለሁ።

በማግስቱ አባባ ወደ ራሳቸው መሬት ወሰዱኝ። እዚያም ጅረት አለ፣ ግን ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ ነው። ያንኑ አደረግኩ፣ ገባሁ፣ ቅጠል ዘገንኩ። ቅጠሉ ጠቁሯል እንጂ ሙሉ ነው። ጠርዙ እንኳ አልተነካም። ሳሸው ሽታው አሁንም አለ። ዘይቱና ላዩን የሸፈነው ሰም ሻጋታውን ቶሎ አያስገባም፣ ሻጋታ ካልገባ ትሉም አይደፍረውም። ድንጋይ ገለበጥኩ፣ ሌላም ገለበጥኩ፣ ሁለት ሦስት ትንንሽ ነገር ብቻ።

ባሕር ዛፍን መስደብ ቀላል ነው፣ እኔ አላደርገውም። አጠናው፣ ማገዶው፣ የቤቱ ማገር እሱ ነው። አባባም "ልጆቼን ያስተማርኩት በዚህ ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግን ውኃው አፍ ላይ መቆም አለበት ወይ? ይሄን ነው የጠየቅኳቸው።

ወንፊት የሆነውን ቅጠል ከማስታወሻ ደብተሬ አውጥቼ ከባሕር ዛፉ ጋር ጎን ለጎን ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩላቸው። ዝም ብለው አዩት። ከዚያ ተነሥተው በዳርቻው እየሄዱ ውኃውን የሚነኩትን ዛፎች በበትራቸው እየነኩ ቆጠሩ። አሥራ አንድ።

"እነዚህን ለልጄ ቤት እቆርጣቸዋለሁ፣ ደርሰዋል" አሉ። "ችግሩ ጉቶው ነው ልጄ። ቆረጥሽው ብለሽ ስትሄጂ መልሶ ያቆጠቁጣል። በየዓመቱ እየመጣሁ መንቀል ሊኖርብኝ ነው።"

"ኮሶ ይጸድቃል እዚህ?" አልኳቸው።

"በፊት ኮሶ ነበረ እኮ" አሉና ወዲያ ማዶ፣ አሁን ምንም የሌለበትን ቦታ አሳዩኝ።