ህዳር ላይ ጤፍ የተወደደበት ግራፍ

ዳታ ትንተና ሲባል ሰው ሁሉ የሚያወራው ሪግሬሽን ነው፤ አንዱ ነገር ከሌላው ጋር ያለውን ግንኙነት በቁጥር መለካት ማለት ነው። እኔም እንደዛው ነበርኩ። ባለፈው ክረምት ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀን ከማስተካከል ሌላ የሠራሁት ነገር የለም። ቀን ስላችሁ የምር ቀን ነው፤ መስከረም 3፣ ጥቅምት 29 የሚባለውን።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከብሎካችን ፊት ለፊት እህል የሚሸጡ እትዬ አሉ። ስማቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ እዚህ ግን እትዬ ይበቃል። ከቢሾፍቱ በኩል የአድአ ጤፍ የጫነ አይሱዙ ሲመጣ፣ ገና ሳይራገፍ፣ ስንት ኩንታል በስንት ብር በየትኛው ቀን እንደገዙ ባለ ካሬ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ደብተሩ ዱቄት ጠጥቶ ጠርዙ አብጧል። እኔ ደግሞ የማስተርስ ጽሑፌን በእህል ዋጋ ላይ ልሠራ ዳታ ፍለጋ ላይ ነበርኩ። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የሚያወጣው የዋጋ ኢንዴክስ የአገሩን ይነግራችኋል እንጂ የኛ ሰፈር ማኛ ማክሰኞ ዕለት ስንት እንደዋለ አይነግራችሁም። ደብተሩን ሳየው ወርቅ ያገኘሁ ነው የመሰለኝ። የ2014፣ የ2015 እና የ2016ን አዋሱኝ።

"እንዳታጠፋብኝ፣ ዱቤም አለበት" አሉኝ።

ታናሽ እህቴን በሞባይል ካርድ ሸንግዬ ወደ ኤክሴል እንድትገለብጠው አደረግኩ። የመጀመሪያውን ደብተር ጨርሳ ስትሰጠኝ የቀኑ ዓምድ ለሁለት ተከፍሎ አገኘሁት። ግማሹ ወደ ቀኝ ተጠግቷል፣ ግማሹ ወደ ግራ። ኤክሴል ቀን ነው ብሎ ያመነበትን ወደ ቀኝ ያስጠጋዋል፣ ያላመነበትን እንደ ጽሑፍ ቆጥሮ ግራ ላይ ይተወዋል። የኔ ላፕቶፕ ደግሞ የአሜሪካንን አጻጻፍ ስለሚከተል ፊት ያለውን ቁጥር ወር ብሎ ነው የሚያነበው። እትዬ 5/13/2015 ብለው የጻፉትን፣ ማለትም ጳጉሜን 5ን፣ ሜይ 13 ብሎ ተቀበለው። ሜይ 13 በኛ ስንት ነው ብዬ ብቆጥር ግንቦት 5 ሆኖ ቁጭ አለ። ጳጉሜን 5 ግንቦት 5 ላይ አረፈች። ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ በየወሩ ከ1 እስከ 12 ያሉት ቀኖች ወርና ቀናቸው ተገለባብጦ እንደገባ ሳይ ሳቁ ጠፋ።

መፍትሔው ምንም አይደለም፤ ከመጻፍ በፊት ዓምዱን ቴክስት ማድረግ ብቻ ነው። ከተጻፈ በኋላ ግን አይሠራም፣ ኤክሴል አንዴ ቀን ካደረገው በሆዱ የያዘው ከ1900 ጀምሮ የተቆጠረ የቀን ብዛት ነው። እንደገና መጻፍ ነበረባት። ሌላ ካርድ ወጣ።

ዋጋውም ቢሆን ንጹህ አልነበረም። አንዱ ጋ 12500፣ ሌላው ጋ 12,500፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ልክ እንደሚናገሩት "12 ሺ ከ500"። ስታታ ወደሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ሳስገባው ዓምዱ በሙሉ ቀይ ሆነ። ስታታ የነካካችሁ ታውቁታላችሁ፣ ቀይ ማለት ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ ነው ማለት ነው፤ ከስድስት መቶ ረድፍ አንዱ ላይ ብቻ ፊደል ቢኖር ሁሉም ይቀላል። አንድ የክፍል ጓደኛዬ "ኢንኮድ በለውና ተገላገል" ብሎኝ ያውቃል። እንዳትሰሙት። ኢንኮድ ለየጽሑፉ ተራ ቁጥር ነው የሚሰጠው። ላዩ ላይ 12500 ይላል፣ ውስጡ 7 ነው። አማካይ ስታወጡ አንድ ኩንታል ጤፍ በ9 ብር ይሆንላችኋል፣ ደስ ቢልም እውነት አይደለም። የሚሠራው ድስትሪንግ የሚባለው ትዕዛዝ ነው፣ ጽሑፉን ወደ እውነተኛ ቁጥር ይመልሰዋል። ኮማዋን እርሳት ብላችሁ ታዙታላችሁ፣ "ሺ ከ" የሚለውን ቁጭ ብላችሁ ታርማላችሁ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ችግር ሁሉ የሚጮህ ችግር ነው። ዓምድ ይቀላል፣ ቀን ግራና ቀኝ ይበተናል፣ ያናድዳል ግን ይታያል። የዓለም ባንክን ዳታ በኤክሴል ስታወርዱም እንደዛው ነው። የዓምዶቹ ስም ከመምጣቱ በፊት ሦስት ረድፍ የፋይሉ መግለጫ ይቀድማል፣ ዓመቶቹም ወደ ታች ሳይሆን ከ1960 ጀምሮ ወደ ጎን ተደርድረው ነው የሚመጡት። ከአራተኛው ረድፍ አንብብ ትሉታላችሁ፣ ሪሼፕ በሚባለው ትዕዛዝ ወደ ታች ታወርዱታላችሁ፣ አለቀ። እኔን ያቃጠለኝ ግን ዝም ብሎ የገባው ነው።

ቀኑን ወደ ስታታ ቀን ቀየርኩት። ቅደም ተከተሉ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ነው አልኩት። እሺ አለኝና ከሥር አንድ መስመር ጻፈ፤ 11 ሚሲንግ፣ ማለትም ባዶ፣ ተፈጥሯል። ከስድስት መቶ ምናምን 11 ምን አላት ብዬ አለፍኩ። መብራት ሳይሄድ ልጨርስ ብዬም ነው፤ የላፕቶፔ ባትሪ ካረጀ ቆይቷል። የየወሩን አማካይ አወጣሁ፣ ባር ግራፍ ሠራሁ፣ በስልኬ አንስቼ ወደ እትዬ ሱቅ ወረድኩ። እውነቱን ለመናገር ልኩራራ ነበር የወረድኩት።

"ይሄ ከፍ ያለው ምንድነው?" አሉኝ።

"ህዳር ነው እትዬ። ጤፍ በጣም የሚወደደው ህዳርና ታህሳስ ላይ ነው።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "አንተ ልጅ፣ ህዳር እኮ አጨዳ ነው። ታህሳስ ጥር አዲሱ እህል ይገባል። ያኔ ተወዶ ክረምት ምን ሊሆን ነው? ማን ነው እንዲህ ያለህ?"

"ደብተርዎ ነው።"

"የኔ ደብተር እንዲህ አይልም" ብለው ወደ ሚዛናቸው ዞሩ።

ቤት ተመልሼ እነዛን 11 ሚሲንጎች አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ጥቅምት 29። ጥቅምት 30። ጳጉሜን 2። ጳጉሜን 4። እንደገና ጥቅምት 30። ያኔ ገባኝ። ጥቅምት በኛ ሁለተኛ ወር ናት፣ ለስታታ ግን 2 ማለት ፌብሩዋሪ ነው። ፌብሩዋሪ 30 ደግሞ የትም አገር የለም። ጳጉሜን 13ኛ ወር ናት፣ እሱ የሚያውቀው 12 ብቻ ነው። እነዚህን አላውቃቸውም ብሎ ባዶ አደረጋቸው። የቀሩትን ስድስት መቶ ግን ያለ አንዳች ጥያቄ የፈረንጅ ቀን አድርጎ ተቀበላቸው። 11ኛው ወር ሐምሌ ኖቬምበር ሆነች፣ 12ኛዋ ነሐሴ ዲሴምበር። እኔ ደግሞ ለእትዬ ኖቬምበርን "ህዳር" ብዬ ተረጎምኩላቸው። የክረምቱን ውድነት ወስጄ አውድማ ላይ ጣልኩት ማለት ነው። (የ2016ቱ ጥቅምት 29 እንኳን አምልጦ ነበር፤ በፈረንጆቹ 2016 ፌብሩዋሪ 29 ቀን ስለነበረው ስታታ በደስታ ተቀብሎታል።)

ጉዱ በዚህ አላበቃም። ዋጋውን በዶላር ለማየት ከብሔራዊ ባንክ ወርሃዊ የምንዛሪ አማካይ ጋር በወርና በዓመት አዋህጄው ነበር። ሜርጁ ቆንጆ ሆኖ አለፈ፣ ያልተገጣጠመ የለም አለኝ። ለምን ይኖራል? ፋይሉ የረጅም ዓመት ስለሆነ በፈረንጆቹ 2014፣ 2015 እና 2016 ሞልቶታል። ያኔ ዶላር 20 እና 21 ብር ነበረ። 12,500 ብር ለ21 ሲካፈል አንድ ኩንታል ጤፍ ወደ 600 ዶላር ይጠጋል! ይሄን ቁጥር አይቼው ነበር እኮ። አይቼው "የኑሮ ውድነት" የሚል ንዑስ ርዕስ ልጽፍበት ነበር።

አንድ ሌላም ላንሳ፣ ብዙ ሰው ስለሚወድቅበት። ስታታ ሚሲንግን ከየትኛውም ቁጥር የሚበልጥ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። ዋጋው ከ12 ሺ በላይ የሆነበትን ቀን ቁጠር ስትሉት፣ ዋጋ ያልተጻፈበትን ቀን ሁሉ ከውድ ቀኖች ጋር ደምሮ ይሰጣችኋል። ዝም ብሎ። አር የሚባለው ሌላው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ላይ ነገሩ ሌላ ነው፤ አንዲት ባዶ ካለች አማካዩን ራሱ ባዶ አድርጎ ይመልስላችኋል፣ ባዶዋን አውጣት ካላላችሁት በቀር ንቅንቅ አይልም። መጀመሪያ አር ግትር ይመስለኝ ነበር። አሁን ግትርነቱን ወድጄለታለሁ፣ በዚያ ላይ በነፃ ነው፤ የስታታ ፈቃድ ዋጋ ደግሞ ለተማሪ ኪስ አይወራም።

ወደ ቀኑ እንመለስ። ኢንተርኔት ላይ መቀየሪያ ሞልቷል፣ ግን ስድስት መቶ ቀን አንድ በአንድ የሚቀይር ትዕግስት የለኝም። ቁጭ ብዬ ሳስበው የኛ አቆጣጠር ለኮምፒውተር ከፈረንጁ ይቀላል። ወሮቹ ሁሉም 30 ናቸው፣ ሠላሳ አንድ ነው ሠላሳ ብሎ ጉልበት መቁጠር የለም። የሚያስፈልጋችሁ መስከረም 1 በፈረንጁ መቼ እንደዋለ ብቻ ነው። ዓመተ ምህረቱ ላይ 7 ደምሩ፤ የዚያ ዓመት ሴፕቴምበር 11 ነው። ዓመተ ምህረቱ ለ4 ያለ ትርፍ የሚካፈል ከሆነ ግን ሴፕቴምበር 12 ይሆናል፣ ምክንያቱም ያለፈው ጳጉሜን ስድስት ነበር። (ይሄ ለዘመናችን ነው የሚሠራው፤ የ1880ዎቹን ደብተር የያዘ ሰው ካለ ሌላ ስሌት ይፈልግ።) ከዚያ ከወሩ ቁጥር 1 ቀንሳችሁ በ30 ታባዛላችሁ፣ ከቀኑም 1 ቀንሳችሁ ትደምራላችሁ። የወጣውን በመስከረም 1 ላይ ትጨምራላችሁ። በቃ። ሦስት መስመር ትዕዛዝ ናት።

መሞከሪያ ያደረግኩት ሁላችንም የማንረሳትን ቀን ነው፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016ን። 2016 ለ4 ይካፈላል፣ ስለዚህ መነሻው ሴፕቴምበር 12፣ 2023 ነው። አሥር ወር በ30 ሦስት መቶ፣ 21 ሲደመር 321 ቀን። ስታታ ጁላይ 29፣ 2024 አለኝ። ብር በገበያ እንዲመነዘር የተወሰነባት ሰኞ። ብቻዬን አጨበጨብኩ፣ እህቴ ከጓዳ "ምን ሆነህ ነው?" አለች።

የኢንዴክሱም ነገር እንዳያሳስታችሁ። ዋጋውን ከግሽበት ለማጥራት እኔ ያካፈልኩበት የሸማቾች ዋጋ ኢንዴክስ መነሻው ዲሴምበር 2016 ነበር፣ የዚያ ወር ዋጋ 100 ተብሎ። የፈረንጆቹ 2016 ነው እሱ፣ በኛ 2009። የበጀት ዓመቱም የራሱ ጣጣ አለው። የ2015 በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን 2014 ገብቶ ሰኔ 30 ያልቃል፣ በፈረንጁ ሁለት ዓመት ላይ ተንጠልጥሎ 2022/23 ይባላል፤ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን መርጦ "ዓመት" በሚለው ዓምድ ላይ ያስቀመጠው ሰው ማን እንደሆነ ሳታጣሩ ሜርጅ አታድርጉ። እኔ አሁን ፋይል ሁሉ ላይ ሁለት ዓምድ አደርጋለሁ፣ አንዱ ዓ.ም፣ አንዱ እ.ኤ.አ። አስቀያሚ ነው፣ ግን ተኝቼ አድራለሁ።

ግራፉን እንደገና ሠራሁት። ታህሳስና ጥር ላይ ዝቅ ይላል፣ ከሰኔ ጀምሮ ይወጣል፣ ሐምሌና ነሐሴ ጫፍ ላይ ነው። ይዤው ወረድኩ። እትዬ ለአንዲት ደንበኛ ሽሮ እየመዘኑ ነበር፣ ቆሜ ጠበቅኩ።

"አዎ" አሉ አየት አድርገው። "ይሄማ የታወቀ ነው። ይሄን ለማወቅ ነው ሦስት ሳምንት የተቀመጥከው?"

መልስ አልነበረኝም። የዶላሩን ግራፍ አወጣሁ። እሱ ላይ ነሐሴ 2016 ገደል ነው። ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ወር ሳይሞላ 100 ሲያልፍ ጤፉ በብር ያን ያህል አልዘለለም፣ ስለዚህ በዶላር ሲታይ ቁልቁል ወረደ። ይሄን ላስረዳቸው ሞከርኩ።

"ጤፌ ረከሰ ነው የምትለኝ?"

"በዶላር ሲታይ ነው እትዬ።"

"በዶላር የሚገዛኝ ሰው አይቼ አላውቅም።" ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ከባንኮኒው ሥር ጎንበስ ብለው ፈለጉና ሌላ ደብተር አወጡ፣ ይሄኛው ዱቄት ሳይሆን ዘይት የጠጣ ነው፣ ገጾቹ ያሳያሉ። "በዶላር ከሆነ እንግዲህ የዘይቱን እየው። እሱ ነው ያቃጠለኝ።"

እዛው ቆሜ ገለጥኩት። የመጀመሪያው መስመር "ህዳር ሚካኤል፣ 3 ጀሪካን" ይላል። ሁለተኛው "የገብርኤል ዕለት፣ 2"። ሚካኤል 12፣ ገብርኤል 19፣ እሱ ቀላል ነው፣ ሠንጠረዥ እሠራለታለሁ። ገጹን ወደ ኋላም ወደ ፊትም አገላበጥኩ። ዓመተ ምህረት የትም የለም።