የጠዋቱን ስሌት ይዤ ቀትር ላይ ተነሳሁ

ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ነው፤ አንበጣው ወሎን ያጥለቀለቀበት ወር። ማሽላው ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል። ገበሬው ጅራፍ እያጮኸ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ ከማሳው ሲያባርር ይውላል። እኔ ደግሞ መንጋው የት እንዳለ ከአየር የሚያስሱ ባለሙያዎችን ይዤ እበራለሁ። አውሮፕላኗ ባለ አራት መቀመጫ ሴስና 172 ናት።

የምንነሳው ከኮምቦልቻ ወጣ ካለ የአፈር ማኮብኮቢያ ነበር፤ ከፍታው 1,850 ሜትር ግድም። ለመነሳት ስንት ሜትር መንደርደር እንዳለብን ስሌቴን የሠራሁት ማለዳ ነው፣ ሙቀቱ 12 ዲግሪ ሳለ። ሦስት ሰው፣ ሙሉ ነዳጅ። መንደርደሪያው ይበቃል። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ከዚያ አንዱ ባለሙያ መኪና ተበላሽቶበት ዘገየ። 1 ሰዓት ላይ ልንነሳ አስበን ቀትር ሆነብን። አንበጣው ፀሐይ ሞቆ ተነስቷል፤ ስልኩም ይጮሃል፦ «ምን ትጠብቃላችሁ?» ቴርሞሜትሩ 28 ይላል። አየሁት። አይቼም ወረቀቱን ከኪሴ አላወጣሁም።

አየር ሲሞቅ ይሳሳል። ሞተሩ የሚምገው፣ ፕሮፔለሩ የሚገፋው፣ ክንፉ የሚደገፍበት ያው አንድ አየር ነው፤ ሲሳሳ ሦስቱም አብረው ይደክማሉ። በኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላው፣ በማለዳው ቅዝቃዜ አውሮፕላኗ 2,200 ሜትር ላይ ያለች ያህል ነበረች። ቀትር ላይ ግን 2,800 ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ከደሴ ከተማ በላይ ማለት ነው፤ እኛ ከሜዳው ንቅንቅ ሳንል! በሳሳ አየር ደግሞ ፍጥነት መለኪያው የመነሻውን 55 ኖት (በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ግድም) እንዲያሳይ ጎማው ከዚያ በላይ መሮጥ አለበት። ያ ብዙ መሬት ይበላል።

የሞተሩ ድምፅ ደህና ነበር። ያዘናጋኝም እሱ ነው። የነዳጅና የአየር ድብልቁን ለከፍታው አስተካክያለሁ፤ ለመነሳት የሚያግዘው የክንፉ ተዘርጊ፣ ፍላፑም፣ ልክ ነው። ግን ክረምቱ ያለሰለሰው አፈር ጎማውን ይይዛል። 40 ኖት ላይ ደረስን፤ ከዚያ ወዲያ መርፌው በመከራ ነው የሚሄደው። ግማሹን መቼ እንዳለፍን አላውቅም፤ ምልክት የለውማ። 50 ሲል ከፊቴ ማሽላ ብቻ ቀረ። አፍንጫዋን ቀና አደረግኩ። ጎማዋ መሬት ለቀቀ፣ አየሩ ክንፉን መሸከም ሊያቅተው ሲል የሚጮኸው የማስጠንቀቂያ ጡሩንባ ጮኸ፣ ተመልሳ ዘጭ አለች። የሞተሩን ኃይል ቀንሼ ፍሬን ያዝኩ። ማሽላው ውስጥ ገባን፤ የፊት ጎማዋ ቦይ አግኝቶ ታጠፈ፣ ፕሮፔለሩ አፈር መታ።

ነዳጁን ዘጋሁ፣ ባትሪውን አጠፋሁ፣ ወጣን። ከጭረት በቀር ማንም አልተጎዳም፤ አልሐምዱሊላህ። የማሽላው ባለቤት ሽማግሌ ጅራፋቸውን እንደያዙ እየሮጡ መጡ። እጄ ሲንቀጠቀጥ አይተው «አብሽር ልጄ፣ አብሽር!» አሉኝ። ከአንበጣ ያተረፉትን ማሽላ ያስተኛሁባቸው እኔ ነኝ። ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

አሁን ስሌቱ ላይ ሰዓቱንና ሙቀቱን አብሬ እጽፋለሁ። ሙቀቱ 5 ዲግሪ ከጨመረ ወረቀቱን ቀድጄ እንደገና እሠራለሁ። መንደርደሪያውን በእግሬ እለካና ግማሹ ላይ፣ ከጠርዙ ጋ፣ ኖራ የተቀባ ድንጋይ አስቀምጣለሁ። ድንጋዩ ጋ ስደርስ ከመነሻው ፍጥነት 70 በመቶውን፣ ማለትም 38 ኖት ግድም ካልያዝኩ እቆማለሁ። አብራሪ ሁሉ የሚያውቀው የቆየ ደንብ ነው። እኔም አውቀው ነበር፤ ድንጋይ ግን አላስቀመጥኩም። ቀትር ከሆነብን ሰው አወርዳለሁ ወይም ነዳጅ እቀንሳለሁ። ካልሆነም እስኪበርድ እንጠብቃለን።

ለተሳፋሪዎቹም አስቀድሜ እነግራለሁ፦ «ድንጋዩ ጋ ልቆም እችላለሁ፤ እንዳትደነግጡ።» አንዴ ጮክ ብዬ ከተናገርኩት ማቆም አይከብደኝም።

ካሳውን ይዤ ሽማግሌው ቤት ስሄድ ቡና ተፈላ። ቶና እንደጠጣሁ ልሂድ ብል፣ በረካው እስኪደርስ አላስነሱኝም።