በየትኛው ማንኪያ?

ሁለት ዓመት አልፎታል። ዛሬም ግን "ፓራሲታሞል እኮ ቀላል መድኃኒት ነው" የሚል ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል።

አንዲት እናት አመሻሽ ላይ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጣች። የሁለት ዓመት ልጇን ትኩሳት ይዞታል፤ ክብደቱ 12 ኪሎ ነው። የታዘዘለት በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ያለው የፓራሲታሞል ሽሮፕ ነው። ለልጅ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ስለሚሰጥ፣ በአንድ ጊዜ 5 ሚሊ ይበቃዋል። ሰልፉ በሩ ድረስ ደርሷል። ካርቶኑ ላይ "1 ማንኪያ በቀን 4 ጊዜ" ብዬ ጻፍኩና ሰጠኋት።

በማግስቱ ማታ ተመለሰች።

"እህቴ፣ ያንን ሽሮፕ ድገሚልኝ፤ አልቋል።"

"እንዴት አለቀ? ተደፋ እንዴ?"

"ኧረ አልተደፋም። እንዳልሽኝ ነው የሰጠሁት። አንድ ማንኪያ፣ በቀን አራቴ።"

"በየትኛው ማንኪያ?"

ግራ ገባት። "በማንኪያ ነዋ! ሩዝ በምንበላበት።"

ብልቃጡ 60 ሚሊ ነው። እኔ ሦስት ቀን ይቆያል ብዬ ነበር። የሾርባ ማንኪያ ደግሞ 15 ሚሊ ገደማ ይይዛል። አራት ጊዜ አሥራ አምስት፣ ስልሳ። ጉልበቴ ከዳኝ። ልጁ በአንድ ቀን የወሰደው የሦስት ቀኑን ነው።

"ልጁስ እንዴት ነው?"

"ቀን ሲጫወት ነው የዋለው። ማታ ግን ያተኩሰዋል።"

መጫወቱ አላጽናናኝም። ፓራሲታሞል ሲበዛ ጉበት ይጎዳል፤ ጉዳቱ ግን በመጀመሪያው ቀን ምንም ላያሳይ ይችላል። ማርከሻ አለው፤ በደንብ የሚሠራው ግን ቶሎ ሲደረስ ነው። ሁለተኛውን ብልቃጥ አልሸጥኩላትም። የወሰደውን መጠንና ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጽፌ፣ አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰጂው አልኳት። ተመርምሮ ጉበቱ ደህና መሆኑን ደውላ ስትነግረኝ አለቀስኩ።

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ሲሰሙ፣ "የሻይ ማንኪያ መሆኑን የማያውቅ ማን አለ? ጥፋቱ የሷ ነው" አሉ።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ የሻይ ብዬ አልጻፍኩም።"

"አንቺ ደግሞ ታካብጃለሽ። ፓራሲታሞል ነው እኮ!"

ባለ 500 ሚሊ ግራሙ የፓራሲታሞል ኪኒን ለአዋቂ እንኳ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ። ጥፋቱን በሷ ላይ መጫናቸው ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። ያቺ እናት ሌሊት ሳይቀር እየተነሳች ሰዓቱን ጠብቃ ሰጥታለች። እኔ የጻፍኩትን አንድም ሳታጓድል ፈጽማለች። የጎደለው የኔ ቃል ነው። "የሻይ" ብዬ ብጽፍ እንኳ፣ የየቤቱ የሻይ ማንኪያ መጠኑ ይለያያል።

አሁን ማንኪያ የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። መርፌ የሌለው ስሪንጅ እሰጣለሁ፤ መጠኑ ላይ በእስክሪብቶ አሰምራለሁ። ቤት ውስጥ የጉንፋን ሽሮፕ ካለም እጠይቃለሁ፤ ብዙዎቹ ውስጥ ያው ፓራሲታሞል አለ። ከዚያ ውሃ ስበው እንዲያሳዩኝ አደርጋለሁ። ሰልፉ ይረዝማል፤ ባለቤቱም ከኋላ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

ትናንት አንድ አባት፣ "ልጅ ሳሳድግ የመጀመሪያዬ አይደለም፣ ቶሎ በይ እንጂ" አለኝ። ስሪንጁን ሰጠሁት። ፊቱን አጨፍግጎ ሳበ። 10 ላይ አቆመ። መስመሩን በጣቴ አሳየሁት። ዝም ብሎ እያየኝ ወደ 5 መለሰው።