«የለም» እና «አላየሁም»

ባለፈው ዓመት ደባርቅ ላይ በተደረገ ስብሰባ አንድ ባለሙያ ተነሥቶ፣ በስሜን ተራሮች ፓርክ ከግጭ በላይ ወደ እሜት ጎጎ በኩል ያለ አንድ ገደል ጠቀሰና «እዚያ ዋልያ የለም፤ የቆጠራው ሰነድ ዜሮ ይላል። ከብት ቢሰማራበት ማንን ይጎዳል?» አለ። ጉሮሮዬ ደረቀ። ያንን ዜሮ ጎንደር ካለው ቢሯችን ተቀምጬ ኮምፒውተር ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ቆጠራው የተካሄደው ከስብሰባው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ ነበር። ሥራውን የሚያውቅ እንደሚያውቀው ገደሉ በብሎክ ይከፈላል፤ ቡድኖቹ ሁሉ በአንድ ሰዓት በየብሎካቸው ይቀመጣሉ። አለዚያ አንዱ መንጋ ከአንዱ ብሎክ ወደ ሌላው ይሻገርና ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ዋልያ ጠዋት የገደሉ እርከን ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፣ ይግጣል። ቀኑ ሲበረታ አስታው ቁጥቋጦ ውስጥ ወይም ከዐለት ሥር ይገባል፤ ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ድረስ አቅራቢ መነጽር ይዞ ማፍጠጥ ብዙም አይጠቅምም። የእኔ ብሎክ ያ ገደል ነበር። አብረውኝ የነበሩት ስካውት፣ ማለትም የፓርኩ ጠባቂ፣ በሥራው ላይ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው ናቸው። እኔ «አያ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «ልጄ» ይሉኛል።

ሦስቱንም ጠዋት ጭጋግ ገደሉን ሞልቶት ቆየ። ከእግራችን በታች ያለውን የጅብራ ተክል እንኳ ማየት አልተቻለም። በሁለተኛው ቀን ከታች ድንጋይ ሲንከባለል ሰማን። አያ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙኝ።

«ጭላዳ ይሆን?» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ጭላዳ እያወራ ነው የሚወጣው። ይህ ዝም ብሎ የሚሄድ ነው።»

ስንመለስ መንገዱ ላይ ጎንበስ ብለው በጠጥ አነሡ፤ በአውራ ጣታቸው ሲጫኑት ፈረሰ፣ ውስጡ አረንጓዴና እርጥብ ነበር። መዳፌ ላይ አደረጉልኝ። ገና አልቀዘቀዘም። በቅጹ ላይ፣ ቁጥር በሚገባበት ቦታ፣ በእርሳስ እንዲህ ጻፉ፦ «ጭጋግ። አልታየም። ድንጋይ ሲወርድ ተሰምቷል። በጠጥ እርጥብ።» የውሎ አበል የተያዘልን ለሦስት ቀን ብቻ ስለነበር በአራተኛው ቀን ወደ ጎንደር ተመለስን። አራተኛው ቀን ጥርት ብሎ ዋለ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሊማሊሞን ጀርባችን አድርገን ስንወርድ ተራራው ሁሉ እንደ ታጠበ ሳህን ይታይ ነበር።

ሪፖርቱን ሳዘጋጅ የዚያን ብሎክ ቦታ ባዶ ተውኩት። ኃላፊዬ አይተው መለሱልኝ። «ባዶ ቦታ ያለው ሠንጠረዥ አይላክም። ሥራ እንዳልተሠራ ያስመስላል። አይታችኋል?» አላየንም አልኩ። «እንግዲያው ዜሮ ነው።» መከራከር ነበረብኝ። ስለ ጭጋጉ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ፣ ሰዓቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ነበር፣ ሪፖርቱ ማታ መሄድ ነበረበት። ዜሮዋን ጻፍኩና አስቀመጥኩት። የአያን የእርሳስ ጽሑፍ የያዘው ቅጽ በሣጥን ውስጥ ቀረ።

ለማያውቀው ሰው ነገሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ለምሳሌ ያህል አራት ብሎክ አለን እንበል፤ በሦስቱ 8፣ 10 እና 12 ዋልያ ተቆጠረ፣ አራተኛው በጭጋግ ምክንያት አልታየም። ያልታየውን ከስሌቱ ብናወጣ አማካዩ 10 ነው። ዜሮ ብለን ብናስገባው 7.5 ይሆናል። በገደሉ ላይ አንድም እንስሳ ሳይሞት ሩቡ በወረቀት ላይ አለቀ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሰማዩ ጥርት ካለ ዋልያው «ጨመረ» ተብሎ ይጨበጨባል። የስሜን ተራሮች ፓርክ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ቆይቷል፤ ከምክንያቶቹ አንዱም የዋልያው ቁጥር ማሽቆልቆል ነበር። ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የማይገኝ እንስሳ ነው። የእሱን ቁጥር የሚያነቡ ሰዎች ሩቅ ናቸው፤ ጭጋጉን አላዩትም።

በጥምቀት ሰሞን አያ ልጃቸውን ለመጠየቅና በዓሉን ለማክበር ጎንደር መጡ። ከፋሲለደስ መዋኛ ሲመለሱ፣ ነጠላቸው ገና ውኃ እንደነካው፣ ቢሮ ጎራ አሉ። ሻይ አስመጣሁላቸው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ይህች ምንድን ናት?»

«የኛ ብሎክ ናት፣ አያ።»

«እሱንማ አየሁ። ይህች ክብ ምንድን ናት?»

«ዜሮ ናት።»

ዘወር ብለው አዩኝ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ልጄ፣ እኔ አላየሁም ነው ያልኩት። የለም አላልኩም። አላየሁም የኔ ነው፤ የዓይኔ ነው። የለም ግን የእሱ ነው። እንዴት ብለህ በሱ ላይ ትፈርዳለህ?»

ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ስለ ኃላፊዬም፣ ስለ ሰዓቱም ነገርኳቸው። ሻያቸውን ፉት አሉና «ይቅርታውን ተወው። ከዚያ ወዲህ ሄደህ አየህ?» አሉኝ።

አልሄድኩም ነበር። አራት ወር ሊሞላ ነው፣ ገደሉም የሄደበት የለም፣ እኔ ግን አልሄድኩም። ዩኒቨርሲቲ ስለ ናሙና አወሳሰድ ሁለት ኮርስ ወስጃለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

በዚያው ሳምንት ፈቃድ ጠይቄ፣ በራሴ ወጪ፣ በሕዝብ ማመላለሻ ደባርቅ ገባሁ። ከአያ ጋር ሌሊቱን ግጭ አድረን ከነጋ በኋላ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀመጥን። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ፀሐይ እርከኑን ስትነካ መጀመሪያ ቀንዱ ወደ ኋላ የተቆለመመ አንድ ወንድ ወጣ፤ ቀጥሎ ሴቶች፣ ከኋላቸው ሁለት ግልገሎች። አንደኛው ግልገል እናቱን ተከትሎ ሊዘል ፈለገና ጫፉ ላይ ቆሞ አመነታ። እናቲቱ ዞራ ጠበቀችው። ዘለለ። አያ መነጽሩን ለእኔ ሰጥተው በባዶ ዓይናቸው ያዩ ነበር። ዘጠኝ ቆጠርኩ። እሳቸውም ዘጠኝ አሉ።

ጎንደር እንደተመለስኩ ማስታወሻዬን ይዤ ኃላፊዬ ዘንድ ገባሁ። «ጥር ላይ ያየኸው የመስከረም ቆጠራ አይሆንም» አሉኝ። በዚህ ልክ ነበሩ፤ ይህን አልክድም። መንጋው መስከረም ላይ ሌላ ቦታ ኖሮ ሊሆን ይችላል። እኔም ዘጠኝ ይጻፍልኝ አላልኩም፤ ዜሮው ይውጣና ቦታው ባዶ ይሁን ነው ያልኩት። ሪፖርቱ ተልኳል፣ አይነካም ተባልኩ። ያኔም ዝም አልኩ።

ስለዚህ ደባርቅ ላይ ያ ሰው ገደሉን ለከብት ሲሰጥ እጄን አነሣሁ። ዜሮውን የጻፍኩት እኔ መሆኔን ተናገርኩ። ሣጥኑ ውስጥ ፈልጌ ያገኘሁትን፣ ከዚያ ወዲህ ከቦርሳዬ የማይለየውን የአያን ቅጽ አውጥቼ አነበብኩላቸው። አዳራሹ ትንሽ ጸጥ አለ። ሰውየው «ታዲያ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አልቆጠርነውም» አልኩት።

«ይህ መልስ ነው?»

«ያለን መልስ ይህ ብቻ ነው።»

ሰብሳቢው ወደ ሌላ አጀንዳ ሊያልፉ ሲሉ ጸሐፊዋ አጠገብ ሄጄ ቆምኩ። በቃለ ጉባኤው ላይ «አልተቆጠረም» የሚለውን ቃል በእጇ ስትጽፍ አይቼ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ።